ሰማይ አይታረስ፣ ዋሽንግተን አይከሰስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ላይ ላዩን ሲያዩት የዋህ ይመስላል እንጂ ተንኮሉ ብዙ ነው። ንጉሥ አይሳሳትም አላለም። ንጉሥ አይበድልም አላለም። አይከሰስም ነው ያለው! በደሉማ ሞልቷል፤ የጠፋው ክሱን የሚሰማ ችሎት ነው። ሰማይም የማይታረሰው አፈሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሞፈር ስለማይደርስበት ነው።

ይህን ተረት ዛሬ ያነሣሁት ነገሥታቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እነሱስ አልፈዋል። የገረመኝ ተረቱ ባሕር ተሻግሮ፣ ንጉሥ አልፈልግም ብላ በጦርነት በተለየች አገር ውስጥ ተደላድሎ መኖሩ ነው። አሜሪካን ማለቴ ነው። እዚያ አገር ሰው ጎረቤቱን ይከሳል፣ ቀጣሪውን ይከሳል፣ ሐኪሙን ይከሳል፤ ትኩስ ቡና የሸጠለትን ሳይቀር ይከሳል። የጠበቆች ማስታወቂያ በየአውራ ጎዳናው ተሰቅሎ «ተጎድተዋል? ይደውሉልን» ይላል። እንዲህ ባለ አገር፣ ለአገሩ ሊሞት የማለ ወታደር በገዛ መንግሥቱ ሆስፒታል ውስጥ በሐኪም ቸልተኝነት ቢጎዳ መንግሥትን መክሰስ አይችልም። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የደንብ ልብስ የሚለብሰው ተጠባባቂም ቢሆን እንዲሁ።

ነገሩን በቅርብ እንዳየው ያደረገኝ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንድ ያገራችን ሰው የሰነዘሩት ጥያቄ ነው። ልጃቸው ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ ወላጆች ዛሬ ጥቂት አይደሉም። በ2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጦር ተፈላጊ ቋንቋ የሚናገሩ የውጭ ዜጎችን በዜግነት ቃል መመልመል ሲጀምር፣ አማርኛም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ያ ፕሮግራም በ2016 አዲስ ሰው መቀበል አቆመ። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ግን የትምህርት ቤት ክፍያውንም፣ የአገር ፍቅሩንም ብለው መግባታቸውን አላቆሙም።

«ጋሼ፣ ልጁ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ደኅና ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒዩተር ይጠግናል፣ በወር አንዴ ቅዳሜና እሁድ ወታደር ነው» አሉኝና ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እኔ የማይገባኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሥልጠና ላይ ጉልበቱ ቢወልቅና ሐኪም ቢያበላሽበት፣ ቅዳሜ የተበላሸው ጉልበት ሰኞ የማን ነው?» አሉ።

የሕግ ሊቅ አይደሉም። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸው ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከሰባ ዓመት በላይ የሚንገታገቱበት ጥያቄ ነው።

እስኪ ከሥሩ እንጀምር።

እስከ 1946 ድረስ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በቸልተኝነት የጎዳው ሰው መንግሥትን ካሣ ለመክሰስ በሩ ዝግ ነበር። ምን ያደርጋል? ለኮንግረስ አቤት ይላል። ኮንግረስ ደስ ካለው ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ልዩ ሕግ አውጥቶ ካሣ ይሰጠዋል፤ ደስ ካላለው ይተወዋል። የኛ አባቶች ከቤተ መንግሥት ደጅ ቆመው «አቤት! አቤት!» እንደሚሉት ማለት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 1945፣ ጭጋጋማ በሆነ የቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ የጦር አውሮፕላን ኒው ዮርክ ውስጥ ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ 79ኛ ፎቅ ጋር ተላትሞ 14 ሰው ሞተ። በማግስቱ ዓመት፣ ለብዙ ጊዜ ሲንከባለል የቆየው መንግሥትን የመክሰሻ ሕግ ጸደቀ። ከ1945 መጀመሪያ አንሥቶ እንዲሠራም ስለተደረገ የዚያ አደጋ ተጎጂዎች ሊጠቀሙበት ቻሉ። ሕጉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ግለሰብ በሚጠየቅበት ጥፋት መንግሥትም ይጠየቃል።

ሕጉ ወታደርን ረስቶት ነበር? አልረሳውም። በጦርነት ጊዜ ከውጊያ ተግባር የሚነሣ ክስ አይቀርብም ብሎ በግልጽ ጽፏል። የጦርነት ጊዜ፤ የውጊያ ተግባር። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ይህን ሕግ ያነበበ ሰው፣ በሰላም ጊዜ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ወታደር ሊከስ ይችላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከዚያ ፌረስ መጣ። ፈረስ አላልኩም፤ ፌረስ ነው ያልኩት! የሰው ስም ነው። የኛ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የነሱ ፌረስ ግን አያደርስም፤ ከፍርድ ቤት ደጅ ይመልሳል።

በታኅሣሥ 1950 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስት ጉዳዮችን አንድ ላይ አድርጎ ፈረደ። የመጀመሪያው ስሙን ለውሳኔው ያወረሰው የሌተናንት ፌረስ ነው። ኒው ዮርክ ግዛት በነበረ ካምፕ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሰፈሩ ተቃጥሎ ሞተ፤ ሚስቱ የማሞቂያው ብልሽት እየታወቀ ነው እዚያ ያሳደሩት ብላ ከሰሰች። ሁለተኛው የጀፈርሰን ነው። የጦር ሐኪሞች ሆዱን ቀደው ሰፉለት። ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ስምንት ወር ያህል ቆይቶ እንደገና ሲከፈት፣ ከሆዱ ውስጥ ፎጣ ወጣ። መሐረብ አይደለም፣ ፎጣ! ርዝመቱ 76፣ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የአሜሪካ ጦር ሕክምና ክፍል ንብረት መሆኑ የተጻፈበት ፎጣ። ሦስተኛው የግሪግስ ነው፤ በጦር ሐኪሞች ቸልተኝነት ሞተ ተብሎ ባለቤቱ የከሰሰችበት።

ልብ በሉ፣ ከሦስቱ ሁለቱ የሕክምና ጉዳዮች ናቸው። ውጊያ የለም። ጥይት የለም። ያለው ጓንት ያጠለቀ ሐኪምና የተኛ በሽተኛ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ሦስቱንም በአንድ ድምፅ ዘጋቸው። ጉዳቱ «ከአገልግሎት ጋር ተያይዞ» የመጣ ከሆነ ወታደር መንግሥትን አይከስም አለ። በሕጉ ላይ የተጻፈው «ውጊያ» ነበር፤ ከፍርድ ቤቱ የወጣው «አገልግሎት» ሆነ። አንድ ቃል ብትለወጥ ምን አለባት አትበሉ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከችሎት በር ውጭ ያስቀረች ቃል ናት።

ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ናቸው። እኚህ ሰው ኑረምበርግ ላይ የናዚ መሪዎችን ከሰው ያቆሙ የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ብዕራቸው የተመሰገነ ነው፤ ምክንያታቸውን ግን አንድ በአንድ ሳነበው ቀዳዳው በዛብኝ።

አንደኛው ምክንያታቸው «ወታደር መንግሥቱን በቸልተኝነት ከስሶ ያስከፈለበት ሕግ በአገራችን ኖሮ አያውቅም» የሚል መንፈስ አለው። እንዴ! የ1946ቱ ሕግ የወጣው እኮ ያልነበረውን ለማምጣት ነው። ድሮ አልነበረምና አሁንም አይኑር ከተባለማ ሕጉን ማውጣት ለምን አስፈለገ?

ሁለተኛው፣ ወታደር ሲጎዳ ጡረታና የጉዳት አበል ስላለው ክስ አያስፈልገውም የሚል ነው። አበል መኖሩ ደግ ነው። ግን አበሉ የሚሰጠው እግሩ የተሰበረው በገደል ይሁን በሐኪም ስህተት ሳይለይ ነው። አበል ጉዳቱን ያያል፣ ጥፋቱን አያይም። ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም፤ ያጠፋውም ነገ ሌላውን እንዳይጎዳ አይከለክልም።

ሦስተኛው በኋላ የተጨመረና ዛሬ ዋናው የሆነው የዲሲፕሊን ምክንያት ነው። ወታደር አለቃውን ፍርድ ቤት እየጎተተ ሠራዊት አይቆምም ይላሉ። ይኼኛው ክብደት አለው፣ አልክድም። በጥይት መካከል ቁስል የሚያስር ሐኪም በኋላ ጠበቃ ይመጣብኛል ብሎ እጁ ቢንቀጠቀጥ የሚጎዳው ወታደሩ ራሱ ነው። አዛዥም «ኮረብታውን ያዙ» ብሎ ባዘዘ ቁጥር ችሎት ሊቆም አይገባም። ግን የጀፈርሰን ፎጣ ከኮረብታው ጋር ምን አገናኘው? ፎጣ መቁጠር ወታደራዊ ስልት ነው? ሐኪሙ ፎጣውን ቢቆጥር የሠራዊቱ ዲሲፕሊን ይላላል?

አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንጉ አባት ጥያቄ ልመለስ፤ የዚህ ፍርድ ጉድ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በተጠባባቂው ላይ ነውና።

መደበኛው ወታደር ቢያንስ ኑሮው እዚያው ነው። ደመወዙ፣ ሕክምናው፣ ቤቱ ከጦሩ ነው። ተጠባባቂው ግን ሲቪል ነው። ሲለመድ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ይሠለጥናል። በዚያች ቅዳሜ ተጎድቶ አምቡላንሱ ወደ ከተማው ሆስፒታል ቢወስደውና እዚያ ሐኪም ቢያጠፋ፣ ሆስፒታሉን እንደ ማንኛውም ሰው ይከሳል። አምቡላንሱ ወደ ጦሩ ሆስፒታል ቢታጠፍ ግን መብቱ እዚያው መታጠፊያው ላይ ይወድቃል። በ1993 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በሥልጠና ላይ ጉልበቷ ተጎድቶ በጦር ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የብሔራዊ ዘብ አባል ያቀረበችውን ክስ በዚሁ በፌረስ ዘግቶታል። እንግዲህ የአባትየው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፦ ቅዳሜ የተበላሸው ጉልበት ሰኞ የልጁ ነው። ሕመሙም የራሱ፣ ሸክሙም የራሱ።

ይህም ብቻ አይደለም። አበልና ሕክምና ለማግኘት ተጠባባቂው ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ሳለ የደረሰ መሆኑን በወረቀት ማረጋገጥ አለበት። በዚያ የቅዳሜና እሁድ ሥልጠና ላይ ሆኖ ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠውን የአካል ጉዳት አበል የሚያገኘው ደግሞ በአካሉ ላይ አደጋ ከደረሰ ነው፤ በሽታ ከሆነ ሕጉ የሚቀበለው የልብ ድካምን፣ የልብ መቆምንና የአንጎል ደም መፍሰስንና መዘጋትን ነው። አያችሁ ነገሩን? ሊከስ ሲመጣ «አንተማ ወታደር ነህ፣ አበል አለህ» ይባላል። አበሉን ሲጠይቅ «ቆይ፣ የምር ወታደር ነበርክ? አደጋ ነው በሽታ?» ይባላል። ለመብት ሲሆን ሲቪል፣ ለግዴታ ሲሆን ወታደር! እንዲህ ያለውን ሚዛን የኛ ነጋዴ ቢይዘው ገበያ ውስጥ ጉድ ይፈላ ነበር።

ንጽጽሩን ልቀጥል። በዚያው የጦር ሆስፒታል፣ በዚያው አልጋ፣ በዚያው ሐኪም እጅ የወታደሩ ሚስት ብትጎዳ መክሰስ ትችላለች። ጡረታ የወጣው ወታደርም ለዚያ ሕክምና መክሰስ ይችላል። ባሰ አትሉም? በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል እስረኞችም መንግሥትን በቸልተኝነት መክሰስ እንደሚችሉ ፈረደ። ከከሳሾቹ አንዱ የወኅኒ ቤቱ ሐኪሞች የአንጎል ዕጢውን በጊዜ ስላላወቁለት ዓይኑ የጠፋ እስረኛ ነበር። ተገቢ ፍርድ ነው፤ እስረኛም ሰው ነው። ግን ወኅኒ ቤት ዲሲፕሊን የለም ወይ? የወኅኒ አዛዥና እስረኛ ችሎት ፊት ሲቆሙ ያልፈረሰ ሥርዓት፣ ሐኪምና ተጠባባቂ ቢቆሙ የሚፈርስበትን ምክንያት እስካሁን የነገረኝ የለም።

«ንጉሥ አይከሰስ»ን ለአሜሪካ ያወረሰችው እንግሊዝ ናት። እንግሊዞችም በ1947 ዘውዱን መክሰስ የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጡ ወታደሮቻቸውን ከበሩ ውጭ አስቀርተው ነበር። በግንቦት 1987 ግን ፓርላማቸው ያንን ክልከላ አነሣ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ወታደር በሰላም ጊዜ ሕክምና ላይ ለደረሰበት ጥፋት ይከሳል፤ በውጊያ ላይ የተደረገ ውሳኔ ግን ዛሬም ጥበቃ አለው። ሠራዊታቸውም አልፈረሰም። በዚያው በግንቦት 1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምን አደረገ? ፌረስን በአምስት ለአራት ድምፅ አጸናው። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ፍርዱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው፣ የወረደበት ትችትም ይገባዋል ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን ጻፉ። ዘውድ ያላት አገር በሩን ከፈተች፤ ዘውድ የጣለች አገር ቁልፉን ደገመች።

የዚህ ዋጋ በሰው ሲቆጠር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በ2014 በዋሽንግተን ግዛት፣ በብሬመርተን የባሕር ኃይል ሆስፒታል፣ አንዲት የባሕር ኃይል ሌተናንት ልጇን ወለደች። ራሷም በዚያው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ነበረች። ልጅቷ በደኅና ተወለደች፤ እናቲቱ ግን በሰዓታት ውስጥ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ባሏ ከሰሰ። ፌረስ! ተባለ። እሷ የመርከበኛ ሚስት ብቻ ብትሆን ኖሮ ክሱ በታየ ነበር። በግንቦት 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ሲል፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በተቃውሞ ጻፉ፤ ዳኛ ሩት ጊንስበርግም መታየት ነበረበት አሉ። በሌላ ጉዳይ ሁሉ ሆድና ጀርባ የነበሩ ሁለት ዳኞች በዚህ መስማማታቸው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

በዚያው ዓመት ሪቻርድ ስቴይስካል የተባለ የልዩ ኃይል ወታደር ካንሰሩን ተሸክሞ በኮንግረስ መተላለፊያዎች ይመላለስ ነበር። በ2017 ፎርት ብራግ ባለው የጦር ሆስፒታል ሳንባው ተነሥቶ ምስሉ ላይ ዕጢ ታይቷል፤ ለሱ የነገረው ግን አልነበረም። ከወራት በኋላ የሲቪል ሐኪም ነው ካንሰር መሆኑን ያወቀለት። ጩኸቱ ተሰማና በታኅሣሥ 2019 በመከላከያው የበጀት ሕግ ውስጥ አዲስ ድንጋጌ ገባ። ወታደሮች በጦር ሆስፒታል ለደረሰባቸው የሕክምና ጥፋት ለመከላከያ ሚኒስቴር የካሣ ጥያቄ እንዲያቀርቡ ተፈቀደ። ተጠባባቂም በፌዴራል አገልግሎት ላይ ሳለ ለደረሰበት ጉዳት መጠየቅ ይችላል። ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነውን የአገሪቱ ግምጃ ቤት ይከፍላል።

ብዙ ሰው «በቃ፣ ችግሩ ተፈታ» አለ። የኔ ትችት ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሕጉ ለወታደሩ የሰጠው ክስ አይደለም። አቤቱታ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም!

ክስ ማለት እኔና አንተ ከሦስተኛ ሰው ፊት እኩል ስንቆም ነው። ሰነዱን አምጣ ብዬ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስመጣሃለሁ። ሐኪምህን አስምዬ እጠይቀዋለሁ። ዳኛው የማንኛችንም ወገን አይደለም፤ ቢሳሳት ይግባኝ አለ። አቤቱታ ግን ከበደለኝ ሰው ደጅ ቆሜ እጄን ስዘረጋ ነው። በአዲሱ አሠራር ሆስፒታሉ የመከላከያ ነው። ማስረጃው በመከላከያ እጅ ነው። የሕመምና የሥቃይ ካሣውን ጣሪያ በደንብ የወሰነው መከላከያ ነው። ጥያቄውን መርምሮ «ጥፋት የለም» ወይም «አለ» የሚለው መከላከያ ነው። ይግባኙም ወደዚያው ወደ መከላከያ ነው፤ ከዚያ አልፎ ፍርድ ቤት የለም። አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ይሉሃል ይኼ ነው።

ሕጉ እንዲወጣ ያደረገው ራሱ ስቴይስካል ምን ገጠመው? በ2023 ጥያቄው ውድቅ ተደረገበት። ውድቅ ያደረገው የሐኪሞቹ ቀጣሪ የሆነው ሠራዊት ነው። ምናልባት ገለልተኛ ዳኛም ቢያየው እንደዚያው ይፈርድ ይሆናል። ግን በገለልተኛ ዳኛ ተሸንፎ መመለስና በባለጋራ ተሸንፎ መመለስ አንድ ነው? ሰው በችሎት ሲረታ ቢያንስ ተሰምቶ ይረታል። ያገራችን ገበሬ ለአንድ ጋት መሬት ዓመት ሙሉ የሚሟገተው መሬቱ ያን ያህል ሆኖ አይመስለኝም። «ሰው ነኝ፣ ቃሌም ይሰማ» እያለ ነው።

ደግሞስ ከ1946 በፊት የነበረው ምን ነበር? ለኮንግረስ አቤት ማለት። ዛሬ ለወታደሩ የተሰጠው ምንድን ነው? ለመከላከያ አቤት ማለት። ለሲቪሉ ከተሻረ ሰማንያ ዓመት የሞላውን ደጅ ጥናት ለወታደሩ አድሰው ሰጡት።

በሩ ደግሞ አሁንም እንደተዘጋ ነው። በ2018 አንድ የአየር ብሔራዊ ዘብ አባል ዋልተር ሪድ በተባለው ታላቁ የጦር ሆስፒታል የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሲነቃ እጅና እግሩ አልታዘዝ አለው። ጠበቆቹ በጊዜው በመደበኛ ግዳጅ ላይ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች አልተቀበሉም፤ በየካቲት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላይም አለ። ዳኛ ቶማስ አሁንም ተቃውመው ጻፉ። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ ሕክምና ሳይሆን የመኪና አደጋ በሆነ ሌላ የፌረስ ጉዳይ ላይ ደግሞ ዳኛ ሶንያ ሶቶማየር ፍርዱ ኢፍትሐዊ ውጤት እያመጣ መሆኑን አምነው፣ መፍትሔውን ግን ከኮንግረስ ጠብቁ አሉ። ጃክሰንም እኮ በ1950 ሕጉን ተሳስተን ተርጉመን ከሆነ ኮንግረስ ያርመን ብለው ነበር። ፍርድ ቤቱ ወደ ኮንግረስ ይጠቁማል፤ ኮንግረስ ወደ መከላከያ ይልካል፤ መከላከያው ደብዳቤ ይጽፋል። በመካከሉ ሰውየው ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነው።

«አንተ ደግሞ የአሜሪካን ጉድ ትተህ የራስህን አትጽፍም?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ የራሳችንን ላንሣ። የ1952ቱ (በኛ አቆጣጠር) የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ሳሉ የወጣ ነው። በቁጥር 2137 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የኃላፊነት ክስ አይቀርብም ይላል፤ ተረታችን በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። ያው ሕግ ግን በቁጥር 2126 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ እንደሚችል፣ መንግሥትም ከሠራተኛው መልሶ ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ንጉሡን ለየው፤ መንግሥቱን ግን ችሎት ፊት አቆመው። በወረቀት ላይ ያለ መብት ሁሉ በተግባር ይገኛል አልልም፤ የኛን ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ያውቀዋል። ግን የተጻፈው ነገር ትልቅ ነው፦ አይከሰስም የተባለው የንጉሡ አካል እንጂ የሐኪሙ ፎጣ አይደለም። ንጉሥ የሌላት አሜሪካ ደግሞ ፎጣውን ጭምር ዘውድ ጫነችለት።

ምን ይደረግ ነው የምትሉት? አስቸጋሪ አይደለም። የ1946ቱን ሕግ እንደተጻፈ ማንበብ ነው፦ ውጊያና ጦርነት ሲሆን አይከሰስ፤ በሰላም ጊዜ፣ በቋሚ ሆስፒታል፣ ሐኪም ማንኛውም ሐኪም የሚጠየቅበትን ጥፋት ሲያጠፋ ይከሰስ። ቢያንስ ቢያንስ በመከላከያ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚያይ ገለልተኛ ዳኛ ይኑር። ለተጠባባቂው ደግሞ አንዱ ይመረጥለት፦ ወታደር ነህ ከተባለ የወታደሩ አበል ያለ ወረቀት ጦርነት ይሰጠው፤ ሲቪል ነህ ከተባለም የሲቪሉ ችሎት ይከፈትለት። ሁለቱንም ነሥቶ «አገልግሎትህን እናደንቃለን» ማለት ምስጋና አይደለም።

ልጆቻቸው በዚያ ሠራዊት ውስጥ ላሉ ያገሬ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። የ2019ኙ አሠራር ጎዶሎ ቢሆንም አለ፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበትም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ልጆቻችሁ የሥልጠና ትእዛዛቸውን፣ የሕክምና ማስረጃቸውን፣ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ለመድረሱ የተሰጣቸውን ወረቀት ቅጂ ቤት ያስቀምጡ። የምርጫ ድምፅ ያላችሁም የኮንግረስ ተወካያችሁን ስለ ፌረስ ጠይቁ። ፈረስ ማለታችሁ እንዳይመስለው ብቻ ስሙን ጻፉለት።

ለተረቱ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ሰማይ አለመታረሱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ማንም አላወጣውም፣ ማንም አይሽረውም። ንጉሥ አለመከሰሱ ግን የሰው ሕግ ነው። አበው ሁለቱን አጣምረው በቤት ስለመቱልን ሁለቱም አንድ መሰሉን እንጂ አንድ አይደሉም። ሰው የጻፈውን ሰው ይሰርዘዋል።